አባባ አለነ አታጥፊው ያሉት ቅጂ

ሲቫን በገዛ እጇ የሠራችው ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ የከለከለው ጋብቻ የራሷን ነበር። ያውም በሰው ፊት፣ ያውም በቀይ ፊደል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል። በቤተ እስራኤል ዘንድ ልጅ ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱ ወላጆች፣ አያቶች፣ ቅድመ አያቶች እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ የሴቷም እንዲሁ። እስከ ሰባተኛው ትውልድ ድረስ አንድ ሰው በሁለቱም ወገን ከተገኘ ልጆቹ እንደ ወንድምና እህት ይታያሉና ነገሩ እዚያው ያበቃል። ተዋደናል ቢሉ፣ አዳራሽ ተይዟል ቢሉ፣ የሚሰማቸው የለም። ይህን የሚቆጥሩት ደግሞ የሰዉን ሁሉ ስም በቃላቸው የያዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። አንድ ጥንድ ለመቁጠር ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ግን ስም በመጥራት ሳይሆን በመጨቃጨቅ ነው።

ሲቫን የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ናት። በእስራኤል አገር፣ በቤር ሼቫ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ከተደረደሩት የመስታወት ሕንጻዎች በአንዱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፕሮግራም ስትጽፍ ትውላለች። አያቷን እማማ ከበደችን ለማየት ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ወዳለው ሞዓዶን፣ ማለትም ወደ አረጋውያኑ ክበብ፣ ጎራ ባለች ቁጥር ይህንኑ ጭቅጭቅ ትሰማ ነበር። “የታከለ አባት ማን ነው?” “ጎሹ ነዋ!” “ጎሹማ አጎቱ ነው፣ አንተ ሰውዬ!” አንድ ቀን ጆሮዋ ሲሰለቻት፣ “ለምን ማህሼቩ አይቆጥርላችሁም?” አለች። ማህሼቭ የሚሉት ኮምፒውተሩን ነው። ክበቡ ጥግ ላይ አንድ ነበራቸው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሲያረጅበት የለገሳቸው፣ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ።

ብላ አልቀረችም፣ ሠራችላቸው። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ትልቅ ፋይል ከፍታ የእያንዳንዱን ሰው ስም ከአባቱና ከእናቱ ጋር እያያያዘች ጻፈች። ሁለት ስም ሲሰጡት ፕሮግራሙ በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ወደ ላይ እየወጣ ይፈልጋል፤ ዝምድና ካጣ በአረንጓዴ፣ ካገኘ በቀይ ይጽፋል። ስሙን የሰጧት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በየተራ ወንበር እየሳቡ አጠገቧ ተቀምጠው ሲነግሯት ከረሙ። ከነገሯት ውስጥ ሁለቱ ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ።

ሥራው አልቆ በሚሞከርበት ዕለት መጀመሪያ ወንበሩን የያዙት አባባ አለነ ነበሩ። አባባ አለነ በክበቡ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚፈሩ ቆጣሪ ናቸው፤ በቆጠራ አንድም ቀን ተሳስቻለሁ ብለው አያውቁም። “እኔንና እማዋይሽን ሞክሪን” አሉ፣ ሚስታቸውን እየጠቆሙ። ሲቫን ስማቸውን አስገባች። ማህሼቩ ካጓራ በኋላ በአረንጓዴ፣ ዝምድና የለም አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አባባ አለነም እንደ አዲስ ሙሽራ ደረታቸውን ነፉ። ሁለቱን በመኪና ያመጣቸው የልጅ ልጃቸው፣ ኢታይ የሚባል ነርስ፣ ከኋላ ቆሞ ሲስቅ ሲቫን ዞር ብላ አየችው፤ የእነሱም ነገር የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

“ግን ይህ ነገር አይሳሳትም?” ብለው ጠየቁ አባባ አለነ።

“ሰው ይሳሳታል እንጂ ማህሼቭ አይሳሳትም” አለች ሲቫን፤ በዚያ ብታቆም ምን ነበረበት፣ “አይረሳምም” ብላ ጨመረችበት። ይህቺን አፏ ላይ የመጣች ነገር ብትውጣት ኖሮ ብዙ ላብ በቀረላት።

በማግስቱ አንድ ጣጣ መጣ። ፋይሉ ትልቅ፣ ማህሼቩ አሮጌ ስለሆነ ለመነሳት እጅግ ዘገየ፤ አሮጊቶቹም ማዛጋት ጀመሩ። ሲቫን አንድ ከሰዓት ተቀምጣ አንዳንድ ነገር ነካክታ አፈጠነችው። ምን እንደነካካች ግን ሳምንት ሳይሞላ ረሳችው።

ከዚያ ወዲህ እርማቱ መጉረፍ ያዘ። ከዲሞና አንዱ ይደውልና “የአድማሱ ሚስት ስሟ እንዲህ አይደለም” ይላል። ከነቲቮት ሌላው ይደውልና ሁለት ወንድማማች ተረስተዋል ይላል። ከቂርያት ጋት አንዲት አሮጊት ደውለው በአባባ አለነ የዘር ሐረግ ላይ ጎድላ የነበረችውን ጥሩነሽ የምትባል ሴት ሞሉላት። ሲቫን የተነገራትን ሁሉ ከቤቷ ሆና በራሷም ኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት እየገባችም በክበቡ ማህሼቭ ላይ ትጽፋለች፤ ጽፋም ትረሳዋለች። ማህሼቭ አይረሳም ተብሏልና።

እንዲህ እያለ የእሷና የኢታይ ቀን ደረሰ። የሲቫን ወገን ከወገራ፣ የኢታይ ወገን ከሰሜን ስለሆነ ማንም አልሠጋም፤ ቆጠራው ለወጉ ያህል ነበር። ሲቫንም ለብቻዋ አስቀድማ መሞከር አልታያትም። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱ ቤተሰቦች ክበቡ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ውሃው፣ ለስላሳው፣ ቡሬካስ የሚሉት ሳምቡሳ መሰል ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ። ሲቫን የራሷን ስም ጻፈች፣ የኢታይን ስም ጻፈች፣ ፈገግ ብላም ተጫነችው።

ቀይ መጣ። ዝምድና አለ፣ ፈለቀ፣ ስድስተኛ ቤት።

ኢታይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ “ሻሎም፣ አክስቴ” አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ትወድቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ቀዩን ደግማ አነበበች።

እማማ ከበደች ከወንበራቸው ብድግ አሉ። “ምን ፈለቀ ፈለቀ ይለኛል ይሄ! ከእኛ ወገን ወደ ፈለቀ የሚያወጣው ይታየው ነው። ይታየው ደግሞ የፈለቀ ልጅ አይደለም! እናቱ ባሏ ሲሞትባት ልጇን በጀርባዋ እንዳዘለች ነው ፈለቀን ያገባች። ፈለቀ እንጀራ አባቱ ነው፤ ያሳደገው እሱ ስለሆነ በስሙ ተጠራ እንጂ የወለደው ብሩ ነው!”

ሁሉም ወደ አባባ አለነ ዞረ፤ ምክንያቱም ፈለቀ የእሳቸው ወገን ነው። አባባ አለነ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ስም ቆጠሩ። ከዚያ ገለጡና፣ “እውነቷን ነው” አሉ። “አያቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። የታዘለው ልጅ፣ የታዘለው ልጅ ይሉት ነበር። ፈለቀ አልወለደውም። ጻፊው፣ ልጄ።”

ሲቫን እፎይ ብላ ፋይሉን ከፈተች። ከይታየው ፊት ፈለቀን አነሳች፣ ብሩን ተካች፣ አስቀመጠችው። ስሞቹን እንደገና አስገብታ ተጫነች። ዝምድና አለ፣ ፈለቀ፣ ስድስተኛ ቤት። የጻፈችውን ስታይ ብሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ደግማ ሞከረች፤ ያው ቀይ። ማህሼቩን አጥፍታ አበራችው፤ ካጓራ በኋላ ያው ቀይ።

“ባግ ነው” አለች፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ። “አንድ የተበላሸ ነገር አለ።”

አባባ አለነ ግን ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። “ምናልባት” አሉ ቀስ ብለው፣ “የተበላሸው እኔ ጋ ይሆናል። ሸምግያለሁ። የታዘለው ልጅ ያሉት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አንቺው ነሽ አይሳሳትም፣ አይረሳም ያልሽን።”

አይ ጉድ! በዕድሜያቸው ሙሉ ተሳሳትኩ ብለው የማያውቁት ሰው፣ ለመሳሳት ያን ቀን መረጡ። ሲቫን ልትስቅም ልታለቅስም ከጀላት። “አባባ፣ አንቱ አልተሳሳቱም! በቃ፣ ሁሉንም ላጥፋውና እንደ አዲስ ልጫነው፣ አሁን ይለይለታል” አለች።

ይህን ማለት አልነበረባትም። ከኋላ ረድፍ ጉርምርምታ ተነሳ። “ለሌላው ሲሆን አይሳሳትም፣ ለእሷ ሲሆን ይጥፋ?” አለች አንዲት ሴት፣ ጮክ ብላ። ሲቫን ፊቷ እሳት መሰለ። አባባ አለነ በከዘራቸው ወለሉን መቱ።

“አንዲት ነገር አታጠፊም!” አሉ። “እዚህ ውስጥ የሞቱ ሰዎች ቃል አለ። ቀዩ ውሸት ከሆነ፣ ምንም ሳታጠፊ፣ በፊታችን፣ ለምን እንደዋሸ አስረድተሽ ታሳዪናለሽ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ደጃችሁ እመጣለሁ። ካልሆነ ግን ልጆቼ፣ ሕግ ሕግ ነው።”

ሲቫን ከክበቡ ስትወጣ ሁለት ነገር አብሮ አንገበገባት። አንዱ ኢታይ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ለራሷ ስትል ያጭበረበረች መስላ መታየቷ ነው፤ ነገሩ እንዲህ ከቀረ ስሙን ሁሉ አምነው የሰጧትን ሰዎች ዓይን እንዴት ታያለች? ሁለቱም ልቧን በሉት።

ከሥራ በኋላ ከኢታይ ጋር ሽኩና ሄ፣ ከነአባባ አለነ ሕንጻ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሕጻናት ኳስ ይራገጣሉ፤ ከላይ ከአንዱ ሰገነት ልብስ የምታሰጣ ሴት በሩሲያኛ ትቆጣቸዋለች። ሲቫን የራሷን ኮምፒውተር ጭኗ ላይ ከፍታ፣ ብሩን እዚያም ጻፈችና ሁለቱን ስሞች አስገባች። አረንጓዴ ሆነ፤ ዝምድና የለም።

“አየህ? እኔ ጋ ይሠራል!” አለች።

“ይህን ለሳባ ንገሪያቸው” አላት ኢታይ፤ ሳባ የሚለው አያቱን ነው። “‘እቤቴ ይሠራል’ ስትያቸው ወዲያው ይድሩሻል።” ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ፣ “እሺ፣ የእነሱና የአንቺ ልዩነቱ ምንድን ነው?” አለ።

“ምንም ልዩነት የለውም። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ ስሞቹ አንድ ናቸው። የእነሱ ብቻ አሮጌና ቀርፋፋ…” አለችና አፏን እንደከፈተች ቀረች። “ያፈጠንኩት!” ብላ ጮኸች። ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ዞረው አዩዋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን የጻፉለትን ፋይል በተነሳ ቁጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ አይወድም። አንዴ ያነብና ለራሱ በሚቀለው ቋንቋ ቅጂ አድርጎ አጠገቡ ባለ አቃፊ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቅጂውን ይከፍታል። በደህናው ቀን ቅጂውን ከመክፈቱ በፊት ዋናው ፋይል ተለውጦ እንደሆነ ያያል። ሲቫን ግን ያን የፈረደበት ከሰዓት፣ አሮጌው ማሽን እንዲፈጥን ብላ፣ ቅጂውን ስታዘጋጅለት ዋናውን ዳግም እንዳያይ አድርጋ ነበር። እሱም እንደታዘዘው አላየም። ከዚያ ወዲህ የጻፈችው እርማት ሁሉ ዋናው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ማህሼቩ ግን ያቺን የመጀመሪያዋን ቅጂ ብቻ ሲያነብ ከርሟል።

ኢታይ ቶሎ ገባው። “እኛም ጋ እንዲህ የሚያደርግ ነርስ አለ” አለ። “ጠዋት የሕመምተኛውን ካርድ ኪሱ ውስጥ ባለ ወረቀት ይገለብጥና ቀኑን ሙሉ ወረቀቱን ያያል። ሐኪሙ ካርዱ ላይ መድኃኒት ቢቀይር አያውቅም።”

“ናኮን! እሱ ነው!” አለች ሲቫን፣ አንገቱን አቅፋ። “ቅጂውን ባጠፋው በአንድ ትእዛዝ ያልቅ ነበር። አባባ አለነ ግን አታጥፊ ብለዋል።”

“እንግዲህ ሳታጠፊ” አላት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ክበቡ ውስጥ የሚቀመጡበት ወንበር ታጣ። ነገሩ በስልክ ተዛምቶ ኖሮ ዖሜር በምትባለው ጎረቤት ከተማ ቤት የሚያጸዱት ሴቶች ሳይቀሩ አስፈቅደው መጥተዋል። አባባ አለነ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ እማማ እማዋይሽ ከአጠገባቸው። ሲቫን ጉሮሮዋን ጠርጋ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ዋናውን እንዳያይ ያደረገችው ራሷ መሆኗንም ጨምራ።

“እና ይታየው የብሩ ልጅ ነው ስንልሽ የጻፍሽው የት ሄደ?” አሉ አባባ አለነ።

“አለ፣ አባባ። ዋናው ላይ አለ። እሱ ግን አላየውም።”

“ዓይኑ ሥር ተጽፎ?”

“አታይ ተብሏላ!” አሉ እማማ እማዋይሽ። “ምን ያድርግ፣ የታዘዘውን ነው ያደረገ። ይልቅ ይህን ምስኪን ውሸታም ያላችሁት እናንተ ናችሁ።” ሰዉ ሳቀ፤ ሲቫንም ትንሽ ተነፈሰች።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባች። ፕሮግራመሮች የአካባቢ ተለዋዋጭ የሚሉት ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ደጃፉ ላይ የሚተውለት መልእክት ማለት ነው። ሲነሳ መጀመሪያ እሱን ያነብና እንደ ቃሉ ያደርጋል። ፕሮግራሙ አይነካም፣ ፋይሉ አይነካም፤ መልእክቱ ይተውለታል፣ በቃ። ሲቫን ይህን ካስረዳች በኋላ፣ “አሁን የምተውለት መልእክት ‘ከእንግዲህ ቅጂ አትጻፍ’ የሚል ነው። ቅጂ ከሌለው ዋናውን ያነባል” አለች፤ ጻፈችው፤ ሁለቱን ስሞች አስገብታ ተጫነች።

ቀይ። ፈለቀ፣ ስድስተኛ ቤት።

“ኧረ ምን ጉድ ነው!” አለ አንዱ። ከኋላ ረድፍ ያች ሴት “እኔ ምን አልኩ” ማለት ጀመረች። ኢታይ ወደ ጣሪያው አየ። አባባ አለነ ከዘራቸውን ጨበጥ አደረጉ። ሲቫን በዚያች ቅጽበት ኢታይን ያጣችው መሰላት፤ አንድም ነገር ወደ ጭንቅላቷ አልመጣ አላት።

እማማ ከበደች መጥተው ትከሻዋን ያዙ። “አይዞሽ፣ የኔ ልጅ። ምን አልሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ።”

“ቅጂ አትጻፍ አልኩት።”

“አትጻፍ አልሽው። አልጻፈም። ታዲያ የጻፈውንስ አታንብብ ብለሽዋል?”

ሲቫን አያቷን አየቻቸው፤ ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች። እውነት ነው፤ መልእክቱ አዲስ ቅጂ እንዳይጻፍ ያግዳል እንጂ የተጻፈው እንዳይነበብ አያግድም። አሮጌዋ ቅጂ አቃፊዋ ውስጥ ጉብ ብላለች፤ እሱም ደስ ብሎት ያነባታል። በሥራ ቦታዋ አዲስ ገቢ ይህን ቢሳሳት ለሳምንት መቀለጃ ታደርገው ነበር። መልእክቱን አነሳችና ሌላ ጻፈች።

“አሁን ደግሞ ያልኩት እንዲህ ነው” አለች ወደ ሰዉ ዞራ። “‘ቅጂህን የምታስቀምጥበት ቦታ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ነው’ አልኩት። አዲስ ባዶ መሳቢያ ሰጠሁት። ቅጂ ፍለጋ የሚሄደው ወደ አዲሱ ነው፤ እዚያ ምንም የለም። ስለዚህ የግዱን ዋናውን ያነባል። አሮጌዋ ቅጂ ከነበረችበት ንቅንቅ አላለችም፤ ማንም አላጠፋትም።” ይህን ብላ ተጫነች።

ማህሼቩ እንዲህ አጓርቶ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሁሉ እርማት ጋር ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ነውና ጊዜ ወሰደ። አንድ ሰው ሳለ፤ “ዝም በል!” ተባለ። ኢታይ ሳያስበው የእማማ ከበደችን እጅ ይዞ ነበር።

አረንጓዴ ሆነ። ዝምድና የለም።

እልልታው የክበቡን መስኮት አንቀጠቀጠው። ኢታይ ሲቫንን ከነወንበሯ ሊያነሳት ሞከረ፤ ከባድ ሆነበትና ወንበሩን ትቶ እሷን ብቻ አነሳት። ከኋላ ረድፍ ያች ሴት ከሁሉ አብልጣ እልል አለች። አባባ አለነ ግን የተናገሩት ስለ ሠርጉ አልነበረም። “የታዘለው ልጅ!” እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ። “አልረሳሁም! አያቴ ያሉትን አልረሳሁም!” ሲቫን ይህን ስታይ አንጀቷን በላት። ሳምንቱን ሙሉ እሷ ስለ ሠርጓ ስትጨነቅ፣ እሳቸው ደግሞ ሌላ ነገር አጣሁ ብለው ሲጨነቁ ኖረዋል።

ከደስታው በፊት አንድ ግዴታ ነበረባት። ከክረምት ወዲህ በዚህ ማሽን የተቆጠሩትን ጥንዶች ሁሉ አንድ በአንድ ደገመቻቸው፤ ሁሉም አረንጓዴ ወጡ። እፎይ አለች። ልትዘጋው ስትል አባባ አለነ፣ ደስታው አናታቸው ላይ ወጥቶ፣ እጃቸውን አነሱ።

“ቆይ፣ ቆይ! መጀመሪያ የተሞከርነው እኛ አይደለን? እኔንና እማዋይሽን ድገሚን። ይህ ሁሉ ሰው ይይ!”

ሲቫን ጻፈች። ማህሼቩ አጓራ።

ዝምድና አለ። ጥሩነሽ፣ ሰባተኛ ቤት።

የቡሬካስ ማኘክ ድምፅ እንኳ ቆመ። ሲቫን የቂርያት ጋቷ አሮጊት ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፤ በአባባ አለነ ወገን ጎድላ የነበረችው ጥሩነሽ፣ በእማማ እማዋይሽ ወገን ድሮም ነበረች ማለት ነው። አባባ አለነ ወደ ማህሼቩ አዩ፣ ወደ ሚስታቸው አዩ፣ እንደገና ወደ ማህሼቩ አዩ። ከጎንደር ጀምሮ ስንት ጥንድ በሰባተኛ ቤት የመለሱ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ የፈነዳው የእማማ እማዋይሽ ሳቅ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስኪንተከተኩ ሳቁ። “ወንድሜ ነህ ለካ!” አሏቸው። “እኔስ ይሄ ሰው ለምን እንዲህ ይጨቀጭቀኛል እያልኩ ስገረም ኖሬያለሁ!”

“አባባ አለነ” አሉ እማማ ከበደች፣ ሳቃቸውን ለመዋጥ እየታገሉ፣ “ሕግ ሕግ ነው ያሉን አንቱ አይደሉም ወይ? ስምንቱን ልጆች ምን እናድርጋቸው?”

“ሳባ፣” አለ ኢታይ፣ “እኔንስ?”

አባባ አለነ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ ወደ ሲቫን መጡ፣ ጎንበስ አሉ። በሹክሹክታ የተናገሩ መስሏቸዋል፤ ጆሯቸው ስለደከመ ግን ክበቡ በሙሉ ሰማ።

“ልጄ፣ ያቺን አሮጌዋን ቅጂ… አጥፍተሻታል?”

“አላጠፋኋትም፣ አባባ። አታጥፊ ብለውኝ።”

“ጎበዝ” አሉ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። “የኔ ጎበዝ። እኛ የተጋባን በሷ ነው። ከሷ አንብቢልን።”

ሲቫን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። ደጃፉ ላይ የተወችውን መልእክት አነሳችው። ማህሼቩ ወደ ድሮ መሳቢያው ተመለሰ፣ ድሮ የቀዳትን ቅጂ አገኛት፤ ሳያጓራ፣ ሳይጠይቅ፣ ወዲያው በአረንጓዴ ጻፈላቸው። ዝምድና የለም።

“እሰይ!” አሉ እማማ እማዋይሽ። “ዛሬ ማታ ሶፋው ላይ ላስተኛው ነበር።”

ሲቫንና ኢታይ በበጋው ተጋቡ፤ አባባ አለነ እንደ ቃላቸው ሽማግሌ ሆነው የሲቫን ቤተሰብ ደጅ የመጡ ሲሆን፣ በሠርጉም ማንም ሳይጋብዛቸው ሁለት ጊዜ መረቁ። በክበቡ ማህሼቭ ላይ ዛሬም ፕሮግራሙን የሚያስነሱ ሁለት ምልክቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው አዲሱን መሳቢያ የሚከፍተው፣ ለሁሉ ሰው የሚያገለግለው ነው። ሁለተኛው ላይ ሲቫን “ለአባባ አለነና ለእማማ እማዋይሽ ብቻ” ብላ ጽፋበታለች። እማማ እማዋይሽ ከባላቸው ጋር የተኳረፉ ቀን ክበቡ ገብተው፣ ወንበር ስበው፣ አባባ አለነ እየሰሙ፣ “ሲቫንዬ፣ ዛሬ በአዲሱ ክፈቺልኝ” ይላሉ።